ስታዲየም ሲሠራ ቅድሚያ ለሜዳው፦ የሣር፣ የዲዛይንና የወጪ ንጽጽር

በሴፕቴምበር 2023 አይቮሪኮስት ማሊን በአቢጃን ለወዳጅነት ጨዋታ ጋብዛ ነበር። ስታዲየሙ የአላሳን ዋታራ ስታዲየም ነው፤ 60 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያህሉ ነበር፣ ከአራት ወር በኋላም የአፍሪካ ዋንጫን መክፈቻና ፍጻሜ ሊያስተናግድ ቀን ተቆርጦለታል። በጨዋታው ዕለት ዶፍ ጣለ። ውሃው ሣሩ ላይ ተኛ፣ ኳሷ መንከባለል አቃታት፣ ጨዋታውም በእረፍት ሰዓት ተቋረጠ። የጎደለው መቀመጫ አልነበረም፤ ፓውዛም አልነበረም። ከሣሩ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ነው። ሜዳው ተጠግኖ በፌብሩዋሪ 2024 ፍጻሜው እዚያው ተካሄደ፤ ጥገናው ግን መጀመሪያ በጥንቃቄ ቢሠራ የማያስፈልግ ወጪ ነበር።

ይህ መመሪያ ስታዲየም ወይም ሜዳ ለማሠራት ለሚያስቡ ነው፤ ለከተማ አስተዳደሮች፣ ለክለብ ቦርዶች፣ ለዩኒቨርሲቲዎች፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ገንዘብ አሰባስበው ለትውልድ ከተማቸው አንድ ነገር ለመሥራት ለሚነሱ ወገኖች። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ መፍሰስ አለበት። መጀመሪያ የውሃ መውረጃው፣ ቀጥሎ ሣሩ፣ ቀጥሎ መልበሻ ክፍሉና መብራቱ፣ ከዚያ መቀመጫው፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተገላቢጦሹ ምን እንዳስከፈለን እናውቃለን። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት፣ በፍጻሜው 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። በ2021 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየምን ካገደ በኋላ ግን ዋልያዎቹ ጋናን “በሜዳቸው” ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። በጁን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ያ ድንቅ ጨዋታም የተደረገው ሊሎንግዌ ነው። ያንን ድል በአካል ተገኝቶ ማየት የነበረበት የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ልጅ በስልክና በቴሌቪዥን አየው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከመምረጥ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

የሥነ ሕንፃ ሥዕል ከማየታችን በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። በሜዳው ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት ይጫወቱበታል? በተራ ቅዳሜና እሑድ፣ ደርቢ በሌለበት ቀን፣ ስንት ተመልካች ይመጣል? ከምርቃቱ በኋላ በሁለተኛው ዓመት የውሃውን፣ የማዳበሪያውንና የሣር ሠራተኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው የቀሩትን መመለስ ትርፉ ድካም ነው። ስታዲየም ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ፣ በየሁለት ቀኑ የሚታጨድ ነገር መሃሉ ላይ አለ።

ሣሩ፦ የተፈጥሮ፣ ሰው ሠራሽ ወይስ ድብልቅ?

ለውድድር የሚመከረው የሜዳ ስፋት 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዙሪያውን ያለው የማሟሟቂያና የደህንነት ክፍተት ሲታከል ወደ 8 ሺህ ካሬ ሜትር ሣር እንደሚያስፈልግ አድርጎ ማስላት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በዚህ ስፋት የተሰሉ ናቸው።

ከተፈጥሮ ሣር እንነሳ። ለዓይን የሚታየው ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚታጨደው ቅጠል ብቻ ነው። ጥሩ ሜዳን ከመጥፎ የሚለየው ግን ከሥር ያለው 40 ሳንቲ ሜትር ነው፦ ከታች ቀዳዳ ያላቸው የውሃ ማውረጃ ቱቦዎች፣ በላያቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የተመረጠ አሸዋ። ሣሩ ሥሩን የሚሰደው አሸዋው ውስጥ ነው። በቁጥር ካሰብነው 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ በ8 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ 2,400 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን 150 ጭነት ማለት ነው። ጠጠሩ ደግሞ 50 ጭነት ይጨምራል። ተቋራጩ “ለም አፈር ደልድለን ሣር እንዘራለን” ካለና በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ይህ አሸዋ ከሌለ፣ የሚሠራው የግጦሽ መሬት እንጂ የውድድር ሜዳ አይደለም።

በአዲስ አበባና በብዙ ደጋ ከተሞቻችን ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። መረሬ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃን ወደ ታች አያሳልፍም። መረሬው ላይ በቀጥታ የተዘራ ሣር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚሰብር ስንጥቅ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ ጠጠርና አሸዋ መግባቱ ለድርድር የሚቀርብ ነገር መሆን የለበትም።

የሣሩን ዓይነት የሚወስነው የአየሩ ሁኔታ ነው። እኛ ሰርዶ የምንለው ሣር፣ በዓለም ላይ በሞቃት አገሮች ስታዲየሞች ከሚተከሉት ዋና ዋና የሣር ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ለስታዲየም የሚተከሉት ዝርያዎቹ ቅጠላቸው እንዲቀጥን ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ሰርዶ ሙቀትና ድርቅ ይችላል፣ ሲረገጥ ቶሎ ያገግማል፤ ብርድና ጥላ ግን አይወድም። ድሬዳዋ፣ አዋሽና ጋምቤላን ለመሳሰሉ ቦታዎች ከሰርዶ የተሻለ አላውቅም። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን የሌሊቱ ብርድ እድገቱን ይገታዋል። ለደጋ ሁለት አማራጭ አለ፦ በብርድ አገር የሚለመደው ራይግራስ፣ ወይም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የተነሳው ኪኩዩ ሣር። ኪኩዩ የራሳችን አየር ሣር ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎችም በሰፊው ይታወቃል። ጉድለቱ ውፍረቱ ነው፤ ካልተቆጣጠሩት ከሥሩ ስፖንጅ የመሰለ ምንጣፍ ይሠራና ኳሷን ያዘገያል። በየጊዜው እየተቧጠጠ መሳሳት አለበት።

ውሃውን እናስላ። በበጋ ወራት ለአንድ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢያስፈልገው፣ 8 ሺህ ካሬ ሜትር ሣር በቀን 40 ሺህ ሊትር ይጠጣል። በፈረቃ ውሃ በሚታደልበት ከተማ ይህን ከቧንቧ መጠበቅ አይቻልም። የጉድጓድ ውሃ፣ ወይም ከስታዲየሙ ጣሪያና ከሜዳው ሥር የሚወርደውን የክረምት ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ማጠራቀሚያ ከመጀመሪያው በዲዛይኑ መግባት አለበት።

የተፈጥሮ ሣር ትልቁ ድክመት የሚችለው የሰዓት መጠን ነው። በደንብ የተያዘ ሜዳ በሳምንት ከ6 እስከ 10 ሰዓት ጨዋታ ይችላል። ዋናው ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፣ ከ20 ዓመት በታችና ከ17 ዓመት በታች ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ከተለማመዱ፣ በዚያ ላይ የመንግሥት በዓልና ኮንሰርት ከተጨመረ፣ በሦስት ወር ውስጥ የጎሉ አፍ መላጣ ይሆናል። ይህ የሣሩ ጥፋት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ መጫኑ ነው።

ሰው ሠራሽ ሣር ለዚህ መልስ ይመስላል፣ በከፊልም ነው። በሳምንት 40 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጫወቱበታል፣ ዝናብ አያጨቀየውም፣ ማጠጣትና ማጨድ የለም። የሠፈር ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ በሚራኮቱበት ሜዳ ላይ ተፎካካሪ የለውም፤ እዚያ የተፈጥሮ ሣር ልትከል ማለት ከጥቂት ወራት በኋላ አቧራ መትከል ነው።

ነገር ግን ሦስት ነገር ሳይነገር ይቀራል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የሚያቃጥል ፀሐይ ባለበት ቀን ላይ ላዩ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ በቆላ ከተማ እኩለ ቀን ላይ ሕፃናትን እዚያ ማሠልጠን አደጋ ነው። ሁለተኛው እድሜው ነው። ጥሩው ምንጣፍ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ተነቅሎ በውጭ ምንዛሪ አዲስ መገዛት አለበት። ሙሉ ሜዳ ሲሠራ በጥቅሉ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል፤ ስለዚህ “አንዴ ከፍለን ተገላገልን” የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ምንጣፉን ለመቀየር በየዓመቱ ገንዘብ ካልተቀመጠ፣ በአሥረኛው ዓመት የሚቀረው በተለጣጠፈ ፕላስቲክ የተሸፈነ አስፋልት ነው።

ሦስተኛው በቃጫዎቹ መሃል የሚፈሰው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ ጎማ የሚፈጨው ይህ ፍርፋሪ በዝናብና በታኬታ እየተወሰደ ወደ ወንዝና ወደ እርሻ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ከኦክቶበር 2031 ጀምሮ ለሜዳ የሚሸጥበት በር ይዘጋል። እዚያ ገበያ ያጣ ዕቃ በርካሽ ወደ እኛ እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። በርካሽ የሚመጣ ጨረታ ሲታይ መሙያው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቡሽ፣ የወይራ ፍሬ ድንጋይና ሌሎች የተፈጥሮ መሙያዎች አሉ፣ ያለ መሙያ የሚሠሩ ምንጣፎችም አሉ።

ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሉትም ይሰማ። በ2015 በካናዳ የተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሙሉ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነበር፤ ታዋቂ ተጫዋቾች አስቀድመው በ2014 በሕግ ተቃውመውት ነበር። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ፊፋ የተፈጥሮ ሣር ስለጠየቀ፣ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ የነበራቸው የአሜሪካ ስታዲየሞች ሣር ማስገባት ነበረባቸው።

ሰው ሠራሽ ከተመረጠ ግን ቢያንስ በፊፋ የተፈተነ ይሁን። ፈተናው ለመረዳት ቀላል ነው፤ ከፍተኛውን ደረጃ ለማግኘት ከ2 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ ከ60 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለባት፣ ከአንድ ሜትር ከፍታ በማንሸራተቻ የወረደች ኳስ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሜትር ተንከባላ መቆም አለባት። ይህ ከፍተኛው ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። “ፊፋ የፈቀደው” ተብሎ የሚሸጥ ምንጣፍ ጥቅሉ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫው የሚሰጠው ግን ተነጥፎ ለተፈተነው ሜዳ ነው። በዚህ ልዩነት ብዙ ገዢ ይታለላል።

ድብልቅ ሣር ወይም ሃይብሪድ የሚባለው ደግሞ እውነተኛ ሣር ሆኖ፣ በውስጡ የፕላስቲክ ቃጫ የተሰፋበት ነው። የኔዘርላንዱ ግራስማስተር፣ በብዙ የአውሮፓ ስታዲየሞች ያለው፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቃጫ እየሰፋ ይገባል፤ ከጠቅላላው ሣር ፕላስቲኩ ከመቶ አምስት እጅ ያህል እንኳ አይሞላም። የሣሩ ሥር ቃጫውን እየተጠመጠመ ስለሚያድግ መሬቱ አይገለበጥም። ዌምብሌይ በ2007 ሲከፈት በተራ ሣር ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ተነቅሎ ተተከለ፣ በ2010 ወደ ድብልቅ ሲዞር ችግሩ ረገበ።

ድብልቅ ሣር በጣም ጥሩ ነገር ነው። ይሁንና የሚሰፋው ማሽን በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ያለ ነው፣ በሜዳው ዋጋ ላይ መቶ ሺዎች ዩሮ ይጨምራል፣ እንክብካቤውም ከተራው ሣር አይቀንስም፤ ውሃውም አሸዋውም ማዳበሪያውም ያው ነው። ጥቅሙ የጨዋታውን ሰዓት ወደ እጥፍ ገደማ ማድረሱ ነው። ለብሔራዊ ስታዲየም እመክረዋለሁ። ለአንድ ክልል ከተማ ግን በዚያው ገንዘብ አጠገቡ ሁለተኛ የልምምድ ሜዳ ብትሠሩ ይሻላችኋል። ዋናው ሜዳ ያርፋል፤ ልጆቹም ቦታ ያገኛሉ።

ምርጫዬን ባጭሩ፦ ለውድድር የተፈጥሮ ሣር በአሸዋ ላይ፣ አጠገቡ ለልምምድና ለታዳጊ ሰው ሠራሽ ሜዳ። አንድ ብቻ መሥራት ለሚችልና ብዙ ቡድን ለሚያስተናግድ ከተማ ሰው ሠራሽ። ድብልቅ፣ ዓለም አቀፍ ጨዋታ በተደጋጋሚ ለሚያስተናግድ ስታዲየም ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጁን 2024 በአትላንታ የኮፓ አሜሪካ መክፈቻ ሲደረግ፣ ሣሩ በሰው ሠራሹ ላይ የተነጠፈው ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮኗ የአርጀንቲና ተጫዋቾች ስለ ሜዳው ክፉኛ አማረሩ። ሥር ያልሰደደ ሣር እንደ ምንጣፍ ይንሸራተታል። የምርቃት ቀን ደርሷል ተብሎ ሣር በጥድፊያ ሲነጠፍ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ሣሩ ሥር እስኪሰድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከዘር ከተነሳ ደግሞ ወራት።

ጣሪያውና ሣሩ ይጣላሉ

ጣሪያ ሲጨመር ሣሩ ፀሐይና ነፋስ ያጣል። የሚላኑ ሳን ሲሮ ለ1990ው የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ፎቅና ጣሪያ ተጨመረለት፤ ከዚያ ጀምሮ ሣሩ ለዓመታት መከራ አየ፣ በ2012 ወደ ድብልቅ እስኪቀየር ድረስ። በ1996 የተከፈተው የአምስተርዳም አሬና ተከፋች ጣሪያ ያለው ነው፣ ሣሩም በተደጋጋሚ በመቀየር ይታወቃል። ሀብታሞቹ ክለቦች ይህን የሚፈቱት በጎማ ላይ በሚንቀሳቀሱ ግዙፍ መብራቶች ሌሊቱን ሙሉ ሣሩን በማብራት ነው። የጀርመኑ ሻልከ በ2001 በከፈተው ስታዲየም ሜዳው ሙሉ በሙሉ፣ 11 ሺህ ቶን ክብደት ይዞ፣ ተንሸራቶ ወደ ውጭ ይወጣና ፀሐይ ይሞቃል። ቶተንሃም ደግሞ ሣሩን በሦስት ከፍሎ ከመቀመጫው ሥር ያስገባዋል።

እነዚህ ሁሉ ከጣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣ የመብራት፣ የብረትና የጥገና ወጪ ናቸው። ለእኛ አገር፣ ፀሐይ ከአናት በላይ በሚያልፍበት ቦታ፣ በምዕራብ በኩል አንድ ጥሩ ጥላ ፎቅ ማድረግ ተመልካችን ከከሰዓት ፀሐይ ያድናል፣ ሣሩንም አይጎዳም። ሜዳው ራሱ ጎሎቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ እንዲሆኑ መቀየስ አለበት፤ በምሥራቅና ምዕራብ ከተቀየሰ በአሥር ሰዓቱ ጨዋታ አንዱ በረኛ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ይጫወታል። ይህ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ውሳኔ ነው፣ ከተሳሳተ ግን ፈጽሞ አይታረምም።

የሩጫ መም ያለው ወይስ የሌለው?

በአትሌቲክስ አገር ይህን መጠየቅ ራሱ ይከብዳል። ስሌቱን ግን እንየው። ባለ 8 መስመር የ400 ሜትር መም መሃሉ ላይ 105 ሜትር ሜዳ ሲገባ፣ ከጎሉ መስመር እስከ መሙ ውጫዊ ጠርዝ ድረስ 36 ሜትር ገደማ ይሆናል። በጎን በኩል 12 ሜትር ገደማ ነው። ከጎል ጀርባ የሚቀመጥ ደጋፊ፣ መቀመጫው ገና ሳይጀምር ከጨዋታው የራቀው ያን ያህል ነው። ጩኸቱ ይበተናል፣ ማዶ ያለው ጎል ላይ ማን እንዳገባ ለመለየት ይቸገራል።

ዩቬንቱስ ለ1990 የዓለም ዋንጫ በተሠራው ደሌ አልፒ መም ያለው፣ ከ67 ሺህ በላይ መቀመጫ ያለው ስታዲየም ውስጥ ይጫወት ነበር። ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። አፍርሶ በቦታው ላይ በ2011 የከፈተው 41 ሺህ ገደማ መቀመጫ ያለው ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ከሜዳው 7.5 ሜትር ብቻ ይርቃል፣ ወጪው 155 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነበር። መቀመጫ ቀንሶ ደጋፊ ጨመረ። በተቃራኒው የለንደኑ የ2012 ኦሎምፒክ ስታዲየም ለእግር ኳስም ለአትሌቲክስም እንዲሆን ሲለወጥ፣ ለውጡ ብቻ 323 ሚሊዮን ፓውንድ በላ፤ ወንበሮቹን ከወቅት ወቅት መግፋትና መመለስም በየዓመቱ ሚሊዮኖች ያስወጣል። ስታዲየሙን የሚጠቀመው የዌስትሃም ክለብ ደጋፊ አሁንም ከሜዳው መራቁን ያማርራል።

የእኔ ሐሳብ መሙን ማጥፋት አይደለም፤ መለየት ነው። አትሌቲክስ ትልቅ ኮንክሪት አይፈልግም። ጥሩ መም፣ በአንድ ጎን ጥቂት ሺህ መቀመጫ፣ አጠገቡ ጂምናዚየም ቢኖረው ሯጮቻችን ቀኑን ሙሉ በነፃነት ይለማመዳሉ፣ የእግር ኳስ ቀን ሲሆንም አይባረሩም። ከተማው ከአንድ በላይ መሥራት ካልቻለ ግን መሙ ይኑር፤ ከጎል ጀርባ ያለው መቀመጫ ይቅርና ሁሉም ወንበር በሁለቱ ጎኖች ላይ ይሰብሰብ።

ስንት መቀመጫ፣ በስንት ብር?

አንድ መቀመጫ ስንት እንደፈጀ ማስላት ሥዕሉ ከሚደብቀው ብዙ ይገልጣል። የዳሬሰላሙ ማካፓ ስታዲየም በ2007 ሲከፈት ለ60 ሺህ መቀመጫ ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ለአንድ መቀመጫ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ነው። ዩቬንቱስ ከ3,700 ዩሮ ትንሽ በላይ። የሙኒኩ አሊያንዝ አሬና በ2005፣ 340 ሚሊዮን ዩሮ ለ66 ሺህ፣ ከ5 ሺህ ዩሮ ከፍ ያለ። ዌምብሌይ ወደ 800 ሚሊዮን ፓውንድ ለ90 ሺህ፣ 9 ሺህ ፓውንድ ገደማ። በ2019 የተከፈተው ቶተንሃም አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ለ62,850፣ 16 ሺህ ፓውንድ ያህል። ዘመኑና አገሩ ስለሚለያይ አንድ ለአንድ አይወዳደሩም፤ ልዩነቱን ግን በከፊል የፈጠረው ጣሪያ፣ የክብር እንግዳ ክፍልና ቴክኖሎጂ ነው። ማካፓ ላይ የታንዛኒያዎቹ ክለቦች ሲምባና ያንጋ ሲገናኙ የሚሰማው ድምቀት በዋጋው ልክ እንዳልሆነ ምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ያውቃል።

ትልቅነት ራሱ ዕዳ ሊሆን ይችላል። የኬፕታውን ስታዲየም ለ2010 የዓለም ዋንጫ 4.4 ቢሊዮን ራንድ ያህል ወጥቶበት ከውድድሩ በኋላ ለዓመታት ከተማው እየደጎመ አቆየው። በብራዚል ማናውስ በ2014 አራት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያስተናገደው ስታዲየም በከተማው ትልቅ ክለብ የለውም። እኛም በየክልሉ 50 እና 60 ሺህ የሚይዝ ኮንክሪት ጀምረናል፤ በአዲስ አበባም 62 ሺህ መቀመጫ ያለው የአደይ አበባ ስታዲየም ሥራው ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ትልቅ ብሔራዊ ስታዲየም ያስፈልገናል፣ በዚህ አልከራከርም። ለክልል ከተማ ግን ከ10 እስከ 15 ሺህ መቀመጫ ተሠርቶ ቢያልቅ፣ 60 ሺህ ተጀምሮ ከሚቆም በብዙ ይበልጣል። መሠረቱ ለወደፊት ፎቅ እንዲችል ሆኖ ይሠራ፤ ደጋፊ ሲበዛ ይጨመራል።

መቀመጫ ሲሠራ የሚታለፍ ነገር የእይታ መስመር ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሜዳውን ቅርብ መስመር ሲያይ፣ የእይታው መስመር ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን በላይ ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት፤ 12 ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከ6 በታች ከሆነ ሁሉም ይቆማል። ደረጃው ቁልቁለቱ ከ34 ዲግሪ ሲበልጥ ደግሞ አደገኛ ይሆናል። አርክቴክቱን “የእያንዳንዱን ረድፍ የእይታ ስሌት አሳየኝ” በሉት፤ ማሳየት ካልቻለ ሌላ ፈልጉ።

በሮች፦ የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ተመልካች ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ በ8 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሳይቆም ወደሚፈስበት መውጫ መንገድ መግባት መቻል አለበት ይላል። በጃንዋሪ 2022፣ በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ወቅት፣ በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረው መረጋገጥ 8 ሰዎች ሞተዋል። በበር ቁጥርና ስፋት ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

ውል ላይ መጻፍ ያለበት

በዚያው የካሜሩን የአፍሪካ ዋንጫ፣ በዱዋላ የነበረው አዲሱ ባለ 50 ሺህ መቀመጫ የጃፖማ ስታዲየም ሣሩ ስለተበላሸ ካፍ አንድ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ወደ ያውንዴ አዘዋውሮበታል። አዲስ ሕንፃ አዲስ ሜዳ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የሜዳው ነገር በውሉ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ። አሸዋው ከመግባቱ በፊት በላቦራቶሪ ይፈተሽ፤ ከተደለደለ በኋላም በሰዓት ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ውሃ ማሳለፉ በሜዳው ላይ ይለካ። ቱቦዎቹ በጠጠር ከመሸፈናቸው በፊት የባለቤቱ መሐንዲስ አይቶ ይፈርም፣ ፎቶ ይነሳ፣ የተቀበሩበት ካርታ ለከተማው ይሰጥ። የማጨጃ ማሽኑ፣ መለዋወጫውና የሦስት ዓመት የሣር ባለሙያዎች ሥልጠና በዋጋው ውስጥ ይካተት። ቢያንስ አራት ቋሚ የሣር ሠራተኞች ከምርቃቱ በፊት፣ አሸዋው በሚደለደልበት ጊዜ፣ ይቀጠሩ፤ ሜዳውን ከሥሩ ያወቀ ሰው ነው በኋላ የሚያድነው።

የተቋራጩ መያዣ ገንዘብም በርክክቡ ቀን አይለቀቅ። ሜዳው አንድ ሙሉ ክረምት ዘንቦበት፣ በነሐሴ ዶፍ ማግስት ጨዋታ ተደርጎበት፣ ውሃ ሳይቋጥር ሲገኝ ይለቀቅለት።